ሥራ ያለው ሶፋ

በእኛ ሰፈር ቋሚ ሥራ ያለው አረንጓዴው ሶፋዬ ብቻ ነው። ከሊል ከተማ ወጣ ብሎ ቦዩ ዳር የተደረደሩት ቤቶች ለጊዜው ተብለው የተሠሩ ናቸው። እኔም ለጊዜው ብዬ ገብቼ አርጅቼባቸዋለሁ።

የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ትመጣለች በተባለ ቁጥር ሶፋዬ ቀድሟት የምትጎበኘው ቤት ይገኛል። ፍሪጅ የሌለው ፍሪጅ ይዋሳል፣ አልጋ የሌለው አልጋ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ሳያውስ የቀረ ጎረቤት ግን አላየሁም።

በዚህ ጊዜ ተረኛዋ ከእኔ ቀጥሎ የምትኖረው ሲልቪያን ነበረች። ልጇን ኤሎዲን በብርዱ ወራት ወሰዱባት። መትታት አይደለም፣ ጠጥታም አይደለም። ግድግዳዋ ሻገተ፣ ልጅቷን ሳል ያዛት፣ ዳኛው “ይህ ቤት ለሕፃን አይሆንም” ብሎ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ሰጣት። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። የታመመው ግድግዳው፣ የተወሰደችው ልጅቷ! ግድግዳው የሚያከራየን የቤቶች ጽሕፈት ቤት ንብረት ነው፤ ልጅቷ ግን የእናቷ ነበረች።

አሁን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ማዳም ዴልፎስ ቤቱን አይታ ለዳኛው ልትናገር ነው። ደህና ነው ካለች ኤሎዲ ትመለሳለች፤ አይሆንም ካለች እዚያው ትቀራለች።

ጠዋት ሬሚና እኔ ሶፋውን ተሸክመን ወጣን። ሬሚ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ነው፤ ምላሱ ከክንዱ ይበረታል።

“ጊስሌን፣ ይኼ ሶፋሽ እኮ የጡረታ መብት አለው!” አለኝ።

“አንተ መጀመሪያ እግሩን ከፍ አድርገው፣ ሰነፍ!”

ሲልቪያን ግድግዳውን በበረኪና ስትፈትግ አድራ እጇ ቀልቷል። ጎረቤት ሁሉ ፍሪጁን ለመሙላት ያለውን ይዞ መጣ። ችግሩ፣ በዚያ ሳምንት የዕርዳታ መጋዘኑ ያደለን ሰናፍጭ ብቻ ነበር።

ማዳም ዴልፎስ ስትመጣ መጀመሪያ የከፈተችው ፍሪጁን ነው። ከላይ እስከ ታች የሰናፍጭ ጠርሙስ።

“ሰናፍጭ ትወጃለሽ?” አለቻት።

“ልጄ ናት የምትወደው” አለች ሲልቪያን፣ ፊቷ እንደ እጇ ቀልቶ። ኤሎዲ ሰናፍጭ ስታይ አፍንጫዋን እንደምትይዝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሴትየዋ ሄዳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እጇን መደገፊያው ላይ አሳረፈች፤ ጣቷ አንዲት የሲጋራ ቃጠሎ አገኘ። ያቃጠለው ሬሚ ነው፤ እሷው የልጆቹን ጉዳይ ልታይ እሱ ቤት የመጣች ቀን በድንጋጤ።

“ይህችን ቃጠሎ አውቃታለሁ” አለች ቀስ ብላ። “ሙሲዬ ሬሚ፣ እርስዎ ቤት ተቀምጬባታለሁ።”

ሬሚ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እኔ በልቤ አለቀልን አልኩ። በገዛ ሶፋዬ ልጅቷን አስቀረኋት።

ሲልቪያን ግን አላለቀሰችም።

“የጊስሌን ነው” አለች። “አልጋውም የሰው ነው፣ ፍሪጁም። የእኔ የሚባል እርጥበቱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የጽሕፈት ቤቱ ነው። አፌ እስኪዝል ነግሬያቸዋለሁ። ልጄን ለሚያሳድጉት ትከፍላላችሁ አይደል? በዚያው ገንዘብ ግድግዳውን ብታስጠግኑት ምን ነበረበት? ድሃ ስለሆንኩ እናትነቴም እንደ ሰናፍጩ ስትፈልጉ የምታድሉኝ ነው?”

ማዳም ዴልፎስ ወደ እኛ ዞረች።

“ይህን ሁሉ ዕቃ ማን ተሸክሞ አመጣው?”

“እኔ” አለ ሬሚ። “ወገቤም ምስክር ነው።”

“እኔም” አልኩ። በሩ ላይ የቆሙትም አንድ በአንድ “እኔም” አሉ።

“ዳኛው ፊት ‘ብቻዋን ናት፣ ሰው የላትም’ ብዬ ነበር” አለች ሴትየዋ። “ተሳስቻለሁ። ይህንንም እነግራቸዋለሁ፣ የግድግዳውንም።”

እኔ አላመንኳትም። ተስፋ ሲሰጡን ይኼ የመጀመሪያችን አይደለም። ግን ተናገረች። አበባ ሲፈነዳ ጽሕፈት ቤቱ የላካቸው ግንበኞች መጡ፤ ግድግዳውን ልጠው፣ አድርቀው፣ ለስነው ሄዱ። ይህን ያህል ቀላል ነበር! ንዴቴ የባሰው ያን ቀን ነው።

ዳኛው ፈቅዶ ኤሎዲ የተመለሰች ዕለት ሶፋው ሬሚ ቤት ሥራ ላይ ነበር፤ አልጋውም ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። ሲልቪያን ቤት ከአንድ ፍራሽ በቀር ምንም አልነበረም። ልጅቷ ፀጉሯ ተጎንጉኖ፣ ንጹሕ ኮት ለብሳ በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀችና በእጇ ያዘች።

“ግቢ እንጂ የኔ ማር” አለቻት እናቷ።

ገባች። ባዶውን ክፍል ዞር ዞር ብላ አየችና አንገቷን ደፋች።

“ማዳም፣ መቀመጥ ይፈቀዳል?” አለች።

እናቷን ነው ማዳም ያለቻት። አሳዳጊዋን እንደዚያ ስትል ከርማ ይሆናል። ለግድግዳው ግንበኛ ተገኘለት፤ ይኼንን ማን ይጠግነዋል?

ሲልቪያን ደረቁን ግድግዳ ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች። ኤሎዲ ጫማዋን እንደያዘች ፈቃድ እየጠበቀች ቆመች።