ለፊታውራሪ የተዘቀዘቀ ነጠላ

ፊታውራሪ ሐሙስ ጠዋት ሞተ። ፊታውራሪ ሰው አይደለም፤ ከጉርድ ሾላ ጀርባ ባለችው ትንሽ የአራዊት ግቢ ይኖር የነበረ፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ጎፈሩ የሳሳ ሽማግሌ አንበሳ ነው። ግቢው ቀድሞ የአንድ ባለጸጋ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ቪላውም፣ ሰጎኗም፣ ጉሬዛዎቹም፣ ጅቧም፣ አንበሳውም በአንድ ቀን ተወረሱ። «ፊታውራሪ» የፊውዳል ማዕረግ ነው ተብሎም ስሙ በስብሰባ ተገፈፈ፤ ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ወረቀት ላይ «አንበሳው» ብቻ ሆነ። እሑድ እሑድ ልጆቹን አስከትሎ ከጎሮና ከሃያ ሁለት የሚመጣው ሕዝብ ግን የስብሰባውን ውሳኔ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። አንበሳውም ቢሆን በሌላ ስም ሲጠሩት ዞር ብሎ አያይም ነበር።

ሞቶ ያገኘችው ንግሥቲ ናት። የግቢው ጽዳት ሠራተኛ ስትሆን፣ የበሩ ሰሌዳ ጸሐፊም እሷው ነበረች። ሰሌዳው የራሱ ታሪክ አለው። በአንድ ወቅት አንዲት ሚዳቋ ታማ ስትሞት ለማንም ሳይነገር ቀረ። እሑድ የመጣው ሰው ባዶ በረት አየና «ካድሬዎቹ ጠብሰው በሏት» የሚል ወሬ ኮተቤ ድረስ ተነዛ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ወሬው መድረሻ ቢያሳጣው ጥቁር ሰሌዳ በበሩ አሰቀለና፣ በአራዊቱ ላይ የደረሰ ለውጥ ሁሉ በዕለቱ ይጻፍ አለ። ንግሥቲ ያኔ ከመሠረተ ትምህርት ገና መመረቋ ስለነበር ጠመኔው ለሷ ተሰጠ። እሷም እንደ ትልቅ ሹመት ያዘችው። «ሰጎኗ እንቁላል ጥላለች፤ እባካችሁ አትጩኹባት።» «ኤሊው ጠፍቶ ነበር፤ ጎመን መደቡ ውስጥ ተገኝቷል።» «ትንሹ ጉሬዛ ከእናቱ ጋር ተኳርፏል።» አንዳንዱ ሰው መግቢያ ሳይቆርጥ ሰሌዳውን ብቻ አንብቦ፣ ስቆ ይመለስ ነበር።

እንግዲህ ያን ሐሙስ እጇን ታጥባ፣ ጠመኔዋን ይዛ ወደ ሰሌዳው ስታመራ፣ አስቀድማ የነገረችው ጓድ ኃይለሚካኤል ከቢሮው ብቅ ብሎ ጠራት። ጓድ ኃይለሚካኤል አዲሱ ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አይባልም፤ ፈሪ ነው እንጂ፣ በዚያ ዘመን ደግሞ ፈሪ ያልሆነ ኃላፊ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነበር። አሥረኛው የአብዮት በዓል እየተቃረበ ነው፤ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀምሮ አጥር ሁሉ ቀለም ይቀባል፤ እንግዶች በየትኛው በር ብቅ እንደሚሉ የሚያውቅ የለም።

«ሌላ ሰው ሰምቷል?» አላት።

«እስካሁን እኔና እርስዎ ነን። አሁን እጽፈዋለሁ።»

«ምኑን ነው የምትጽፊው! በዓሉ ደጅ ደርሶ አንበሳ ሞተ ተብሎ ይጻፋል?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ መልሶ ተቀመጠ። የአንበሳ መሞት ለአብዮቱ ጥሩ ይሁን መጥፎ እሱም አላወቀም። አንበሳ የዘውዱ ምልክት ነበረና «ዘውዱ ለሁለተኛ ጊዜ ሞተ» ሊያሰኝ ይችላል፤ ያ ደግ ነው። የመንግሥት ንብረት ነውና «በአብዮቱ እጅ ገብቶ በረሀብ አለቀ» ሊባልም ይችላል፤ ያ ደግሞ ጣጣ ነው። ጣጣው በለጠበት።

«ተዛውሯል በይ» አለ በመጨረሻ። «ወደ ሌላ ግቢ ተዛውሯል። በቃ።»

ንግሥቲ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ያን ቃል ታውቀዋለች። ልጇን ሀብቶምን በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በጠራራ ፀሐይ ከቤት ሲወስዱት፣ ስንቅ ቋጥራ ጣቢያው በር ላይ መሰለፍ ሥራዋ ሆኖ ነበር። ዘበኛው ሳህኑን ይቀበላታል፣ የትናንቱን ባዶ ሳህን ይመልስላታል። ባዶ ሳህን ማለት ልጇ በልቷል ማለት ነበር፤ ይዛው ስትመለስ ደስታዋን የምታደርግበት አታውቅም። አንድ ቀን ዘበኛው ስንቁን ሳይቀበል «ተዛውሯል» አላት። የት? «ተዛውሯል አልኩሽ፣ እናቴ፣ ሂጂ።» ከዚያ በኋላ ያልዞረችበት እስር ቤት የለም። የሠፈር ሽማግሎች አንድ ማለዳ መርዶ ሊያረዷት ቢመጡ በሯን ቀርቅራ «ሬሳውን ያየ ካለ ይግባ» አለቻቸው። ያየ አልነበረም፤ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ይኸው ስንት ዓመት አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ በየበዓሉ ድርሻው ይነሣለታል። ጥቁር ለብሳ አታውቅም።

«ይህን ቃል በእጄ አልጽፍም» አለች።

«እንግዲያው እኔ እጽፈዋለሁ። አንቺ አፍሽን ያዢ። አንዲት ቃል ቢወጣሽ፣ ከሥራሽ ብትባረሪ እኔን እንዳትወቅሺኝ!»

ጻፈውም። የእጅ ጽሑፉ፣ እውነት ለመናገር፣ ከሷ ይበልጥ ያምር ነበር።

በማግስቱ ሕዝቡ እያነበበ ገባ። አንዱ አባት ለሴት ልጁ «ሰፊ ቦታ ወስደውት ነው፤ እዚህ ጠብቦት ነበር» እያለ ያስረዳል። ንግሥቲ ከሰሌዳው ሥር ባለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ነክሳ ታዳምጣለች። ረፋዱ ላይ የጉርድ ሾላው ሥጋ ሻጭ ሐምዛ እንደ ወትሮው አጥንት በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ሰሌዳውን አነበበ፣ ቅር አለው።

«እትዬ ንግሥቲ፣ መቼ ነው የሚመለሰው? አጥንቱን ላስቀምጥለት?»

ይህኛውን አልቻለችውም። ለማይመለስ ድርሻ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ከሷ የተሻለ የሚያውቅ በዚያ ሠፈር አልነበረም። መናገር ተከልክላለች፣ መጻፍ ተከልክላለች። ተነሣች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ፣ ለቀብር እንደሚለበሰው ዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ ተመልሳ በቦታዋ ተቀመጠች።

ሐምዛ እሷን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ደግሞ እሷን አየ። ጥቅልሉን ቀስ ብሎ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠ።

«በይ ለጅቧ ስጫት» ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የገባው ሁሉ ሰሌዳውን ያነብና ዓይኑ ነጠላዋ ላይ ያርፋል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ኮፍያውን ያወለቀም ነበር። ያ አባት ሲወጣ ነጠላውን አየና ልጁን ወደ ጥግ ወስዶ፣ ተንበርክኮ ሌላ ነገር ነገራት። ጓድ ኃይለሚካኤል በመስኮት ሲያይ ቆየና ነገሩ ሲገባው እየሮጠ ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ነጠላሽን አስተካክይ!»

«ነጠላ እንዴት እንደሚለበስ መመሪያ ወጥቷል እንዴ፣ ጓድ?»

ዞሮ ወደ ቢሮው ተመለሰ። መመሪያ መኖር አለመኖሩን ሊያጣራ ይሆናል።

ንግሥቲ ያን ቀን ልቧ ሞልቶ ዋለች። ያላሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጎረቤቷ ብርነሽ ከገበያ ስትመለስ በመንገዱ ማዶ አልፋለች። ብርነሽ ሰሌዳውን አላነበበችም፣ ስለ አንበሳም የምታውቀው ነገር የለም። ያየችው ነጠላውን ነው። ዘንቢሏን አንጠልጥላ በቀጥታ የሮጠችው ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ አቶ ዋቅጅራ ነበር።

ንግሥቲ ከሥራ ወጥታ ወደ ሠፈሯ ስትታጠፍ የዕድሩ ድንኳን ደጇ ላይ ተተክሎ አየች። አግዳሚዎች ተደርድረዋል፣ ንፍሮ ተጥዷል፣ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ማን ሞቶ ነው ልትል ስትል ብርነሽ ደረቷን እየደቃች «ሀብቶሜ! የኔ ጎበዝ!» ብላ ወደሷ መጣች። ሌሎቹም ተከተሏት።

በአንድ ጊዜ ሁሉም ገባት። «ለአንበሳ ነው» የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ብትላት ድንኳኑ ይነቀላል፣ ሠፈሩ ለዓመት የሚስቅበት ያገኛል፤ የሀብቶም አልጋም እንደተነጠፈ ይቆያል። ግን የሰዎቹን ፊት አየች። ይህ ድንገት የመጣባቸው ልቅሶ አልነበረም፤ ሲጠብቁት የኖሩት ልቅሶ ነበር። ባለፉት ዓመታት በሯ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ በዓል በመጣ ቁጥር ድርሻ ስታነሣ እያዩ ዝም ይሉ ነበር። ለካ ያን «ተዛውሯል» የሚል ቃል ዘበኛው አንድ ጊዜ ነው የተናገረው። ከዚያ ወዲህ በገዛ ቤቷ በር ላይ ጽፋ ያኖረችው ራሷ ናት። አፈረች፤ ለካ እሷም በቤቷ ጓድ ኃይለሚካኤል ነበረች።

አቶ ዋቅጅራ በዱላቸው እየተደገፉ ቀረቧትና ሁሉም ጸጥ እንዲል እጃቸውን አነሡ።

«ንግሥቲ፣ ልጄ፣ ማን ነገረሽ?»

«አቶ ዋቅጅራ» አለች፤ ድምፅዋ ጠንከር ብሎ ወጣ፣ «እውነቱን ልንገርዎት። ይህን ነጠላ የዘቀዘቅኩት ለአንበሳው ነው። ፊታውራሪ ሞቶ አትናገሪ ስላሉኝ ነው።»

ንፍሮ የምታማስለዋ ሴት እጇ ባለበት ቀረ። ብርነሽ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሽማግሌው ድንኳኑን አዩ፣ ካስማውን አዩ።

«ታዲያ… እንንቀለው?»

«አይንቀሉት።» ንግሥቲ ነጠላዋን አንገቷ ላይ አጠበቀች። «ስለ ሀብቶምም የነገረኝ የለም። የሚነግረኝ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። እንግዲህ እኔው ልንገራችሁ። ልጄ ሞቷል። ገድለውታል።»

በዚያ ዘመን ይህን ደጅ ላይ ቆሞ መናገር ራስን ለካድሬ መስጠት ነበር። አቶ ዋቅጅራ ግን ግራና ቀኝ አላዩም። ዱላቸውን ጥለው አቀፏት፤ ያኔ ነው ያለቀሰችው። እንደዚያ ሲለቀስ ሠፈሩ ሰምቶ አያውቅም።

ሠልስቱን ተቀምጣ፣ የሀብቶምን አልጋ ልብስ ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ችግረኞች ሰጥታ፣ ማክሰኞ ማለዳ ጥቁር ለብሳ ወደ ግቢው መጣች። ለማንም ደህና አደራችሁ አላለችም። ከጓድ ኃይለሚካኤል ጠረጴዛ ላይ ጠመኔዋን አነሣች፤ በቀሚሷ እጅጌ ሰሌዳውን እስኪጠራ ድረስ ጠረገች። ከዚያ በዚያ ጠማማ ፊደሏ ጻፈች።

«ፊታውራሪ ሐሙስ ጠዋት ሞቷል። አርጅቶ ነበር። ስትጠይቁት ለኖራችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልን።»

ደጁ ላይ የቆሙት ሰዎች ጮክ ብለው አነበቡት። ጓድ ኃይለሚካኤል ወጥቶ ከጀርባቸው ቆመና እሱም አነበበው። ዳስተሩን በእጁ ይዟል፤ ግን ሐምዛ በዚያ አለ፣ ያ አባት ከነልጁ አለ፣ አቶ ዋቅጅራም ዱላቸውን ተደግፈው ከበሩ ገባ ብለው ቆመዋል። ሁሉም ያዩታል። ዳስተሩን ወደ ኪሱ ሊከተው ሞከረ፣ አልገባም።

«ታውቂያለሽ አይደል» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከሥራ ትባረሪያለሽ። እኔ ባልፈልግም ከላይ ይመጣል።»

«አውቃለሁ» አለች ንግሥቲ። እጁን ይዛ ጠመኔውን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «የመጣ ዕለት እዚሁ ይጻፉት፤ ሕዝቡ የት ሄደች ብሎ ይጠይቃልና። ተባረረች ብለው ይጻፉ። ተዛወረች እንዳይሉ።»