አጭሯ ውጤት

ከሰኞ ጀምሮ የኮምፒውተሩ መስኮት እንዲህ ነበር፤ በሰፊው ስክሪን መሐል የመዳፍ ስፋት ያላት ግራጫ ሳጥን፣ በውስጧ ትንኝ የሚያካክሉ ፊደሎች፣ ዙሪያዋን ጥቁር። የላቦራቶሪው ጸሐፊ ግን እስከ ሐሙስ ትንፍሽ አላለችም። መነጽርሽን ቀይሪ ሲሏት አሻፈረኝ ያለች ሴት ናትና፣ ጥፋቱ የዓይኗ መስሏት አፍራ ዝም አለች።

ሐሙስ የጠራችው የኮምፒውተር ቴክኒሻን ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። በሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሞቹ ሳይቀሩ «ዶክተር ኬብል» እያሉ ይቀልዱበታል። ሰሞኑን ምንም ቢሉት አይከፋውም። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ከጡቷ የተወሰደው ናሙና ንጹህ ነው የሚል ደብዳቤ ማክሰኞ ዕለት ተቀብላለች። ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ የከረመው ቤት ሁለት ቀን ሙሉ ሲስቅ ነው የሰነበተው።

የላቦራቶሪው መዝገብ ያረጀ ፕሮግራም ስለሆነ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ አልሠራም ብሎ ነበር። እሱ ታዲያ በአዲሱ ሆድ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አስገባላት፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። ጸሐፊዋ ውጤቱን ከውስጠኛው መስኮት ኮፒ ታደርጋለች፣ በውጪው ደብዳቤ ላይ ፔስት ታደርጋለች፣ የታካሚውን ስም በእጇ ትጽፋለች። ውጤቱ የሚጻፍበትን የሐኪሞች ቋንቋ አታነብም። አለቃዋ ሐኪምም በጥንቃቄዋ ተማምኖ ክምሩን ሳያገላብጥ ይፈርማል።

ሰኞ እሷ ምሳ በወጣችበት አፕዴት የጫነው ቴክኒሻኑ ራሱ ነው። ውስጡን ከውጪው ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም ግን ሳያድስ፣ ሳይፈትሽም፣ ሌላ ቢሮ ጠርተውት እየሮጠ ሄደ። ስክሪኑ የጠበበው በዚያ መሆኑ አሁን ገባው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከመጠገኑ በፊት ግን ኮፒውም ተበላሽቶ እንዳይሆን ልሞክረው አለ። በውስጠኛው መስኮት «ሰላም» ብሎ ጻፈ፣ ኮፒ አደረገ፣ ወደ ውጪ ወጥቶ ባዶ ገጽ ላይ ፔስት አደረገ።

የወጣው «ሰላም» አይደለም። አንዲት አጭር የሐኪም ዓረፍተ ነገር ናት፤ ምንም የካንሰር ምልክት አልታየም ትላለች። ሌላ ቃል ጽፎ ሞከረ። ያችው መጣች። በሦስተኛውም ያችው።

«እትዬ፣ ኮምፒውተሩን ከሰኞ ወዲህ አጥፍተውት ያውቃሉ?»

«አንተው አይደለህ እንዴ አታጥፊው ያልከኝ? ሲነሳ ግማሽ ቀን ይፈጃል ብለህ።» ወደ ገጹ ጎንበስ ብላ ፈገግ አለች። «ይቺን አጭሯን አውቃታለሁ፤ የደህና ሰው ናት። በዚህ ሳምንት ተመስገን ነው፣ ሁሉም አጭር ነው የሚመጣልኝ።»

ነገሩ ገባው። ሰኞ ከምሳ በፊት በመጨረሻ ያለፈችው ውጤት ከውጪው ኮምፒውተር ላይ ሳትጠፋ ቀርታ፣ ከዚያ ወዲህ በወጣው ደብዳቤ ሁሉ ላይ ስትለጠፍ ሰንብታለች። የእህቱም ደብዳቤ ማክሰኞ ከዚሁ ቢሮ የወጣ ነው። ስንት ደብዳቤ እንደወጣ ጠየቃት። ሠላሳ አንድ አለችው። ነገሩን ቀስ ብሎ ሲያስረዳት ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ጠፋ፣ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

«ጉዴ ፈላ» አለች። «እነዚህ ሰዎች እኮ እየሳቁ ነው የሄዱት።»

ጥፋቱ የእሱ እንጂ የእሷ አለመሆኑን ነገራት፤ ለአለቃዋም ደውሎ ያንኑ ደገመ። ሐኪሙ ደብዳቤዎቹን ሁሉ ከመዝገቡ ጋር በተራ አስተያዩ፣ እየመጣሁ ነው ብሎ ዘጋው።

አገናኙን ፕሮግራም አድሶ የውስጠኛውን ኮምፒውተር ሪስታርት አደረገው። መስኮቱ ተዘርግቶ ስክሪኑን ሞላ፣ ፊደሎቹም ከሩቅ የሚነበቡ ሆኑ። በሌላ ቀን ቢሆን ጸሐፊዋ መርቃ አትጠግበውም ነበር።

ማስተያየት ጀመሩ። እሷ ቁጥሩንና ስሙን ትጠራለች፣ እሱ ያነባል። የመጀመሪያው አጭር ነው፣ ሁለተኛውም። ሦስተኛው ረጅም ነው፤ ቀይ ምልክት አደረገችበት። ሌላውን ዘልሎ የእህቱን ውጤት ሊከፍት ይችል ነበር፤ ግን ፈራ። ተራዋ እስኪደርስ እህቱ ገና ደህና ናት። አራተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ሰባተኛውን አነበበ። እግዜር ያውቃል፣ አጭር በሆነ ቁጥር የእህቱ ዕድል የተቀነሰ እየመሰለው በማያውቀው ሰው መዳን ቅር ይለው ጀመር፤ በራሱም አፈረ።

አሥራ ዘጠነኛው ላይ ጸሐፊዋ ስሙን ጠርታ ሳትጨርስ ቆመች። የአባትዬው ስም እሱ ደረት ላይ በተንጠለጠለው መታወቂያ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

«አንተ ልጅ» አለችው ቀስ ብላ። «ውጣና እኔ ልክፈተው?»

«አይ፣ እኔው» ብሎ ከፈተው። ጽሑፉ ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ ዘጠኝ መስመር ወረደ። እስከ መጨረሻው አነበበው፣ ተመልሶም ከላይ ጀመረ። ጸሐፊዋ ምን ይላል ብላ አልጠየቀችም። ርዝመቱን አይታለች።

ኮሪደር ወጥቶ ደወለ። እህቱ ወዲያው አነሳችው፤ ለመናገር አፉን ሳይከፍት ቀደመችው።

«እንዴት ደግ ሆኜልሃለሁ መሰለህ!» አለችው እየሳቀች። «ከስፔሻሊስቱ ጋር የነበረኝን ቀጠሮ አሁን ደውዬ ሰረዝኩት። ለታመመ ሰው ስጡልኝ አልኳቸው።»

ግድግዳውን ተደገፈ። በፊቱ ሰዎች ወረቀት ይዘው ያልፋሉ።

«እታለም፣ ያለሽበት ቆዪኝ» አላት። «እየመጣሁ ነው።»

«ምነው? ድምፅህ ምን ሆነ?» አለች፤ ሳቋ ግን ገና አላለቀም ነበር።