የሚያጠራቅመው ፈንድና የሚከፍለው ፈንድ

ኤልፍሪደ ክርክር ስትጀምር ቅቤ የተቀባውን ብሬዝል፣ ያን ቋጠሮ የመሰለ ዳቦ፣ ከእጇ አታስቀምጥም፤ እንደ ሽጉጥ ትደግነዋለች እንጂ። ያን እሑድ ጠዋት፣ በጀርመኗ ኡልም ከተማ ባለው ቤታቸው ቁርስ ላይ፣ የደገነችው በባሏ በቮልፍራም ላይ ነበር።

የእናቷን ቤት ሸጠው ያገኙትን ገንዘብ የሚያስገቡበት ፈንድ፣ የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛ ቋት፣ መምረጥ ነበረባቸው። ከብዙ ንትርክ በኋላ ሁለት ቀርተዋል። ሁለቱም የያዙት የተመሳሳይ ኩባንያዎችን አክሲዮን ነው። ልዩነታቸው፣ አንዱ ትርፉን መልሶ እዚያው ያጠራቅመዋል፤ ሌላው በየሦስት ወሩ ለባለገንዘቡ ይልከዋል።

«የሚያጠራቅመው የሚቆርጥብን የአገልግሎት ክፍያው ያንሳል» አለች። «ለሃያ ዓመት አንነካውም ብለን ተስማምተን አልነበር? ዛሬ ምን ነካህ?»

«የሚከፍለው ይሻላል። በየሦስት ወሩ በራሱ ይመጣል። መሸጥ የለ፣ ጣጣ የለ።»

«አንተ ሰውዬ! አንድ ካፖርት ሃያ ክረምት ለብሰህ፣ አሁን የኪስ ገንዘብ አማረህ?»

ቮልፍራም ሳቀ፤ እንደ ወትሮው ግን መልሶ አልወጋትም። ይኼ አበሳጫት። ታሪክ ታስተምር በነበረበት ዘመን እንኳ የሚያናድዳት ተማሪ የሚሟገታት ሳይሆን ዝም የሚለው ነበር።

«እሺ፣ በቁጥር አስረዳኝ።»

ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረና ማስላት ጀመረ። «ከሚላከው ትርፍ በዓመት አንድ ሺህ ዩሮው ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ…»

ኤልፍሪደ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። የእንቁላሉ ማንኪያ ዘለለ።

«ያዝኩህ! አንድ ሺህ ላጤ ለሆነ ሰው ነው። ለባልና ሚስት ሁለት ሺህ! ዕድሜህን ሙሉ ግብር ቢሮ ተቀምጠህ ይኼን ትስታለህ? ጡረታ አጃጃለህ፣ የኔ ጌታ!»

ብሬዝሉን ገምጣ እስኪያርመው ጠበቀች። አላረመውም። የሰፈሩን ሰው ሁሉ የግብር ስህተት የሚያቃናው ሰውዬ፣ ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ እንዳኖረ ወደ መስኮቱ ያያል።

«ቮልፍራም፣ ሁለት ሺህ በለው።»

«ለመጀመሪያው ዓመት ብዬዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት የሄድኩት ለጉልበቴ አልነበረም፣ ኤልፊ። የቆሽት ካንሰር ነው። ዘግይተሃል አሉኝ።»

«እና እኔን ሳትጠይቅ መበለት አደረግኸኝ? በሒሳብ?»

«ሒሳቡ እንዳይሳሳት ብዬ ነው።»

«ሒሳብህ ገደል ይግባ!»

ጩኸቷ እስኪበርድ ጠበቃት። «የሚያጠራቅመውን ከገዛን፣ ገንዘብ በፈለግሽ ቁጥር ራስሽ እየቆረስሽ መሸጥ አለብሽ። ገበያው በወደቀ ቀን ብቻሽን ከኮምፒውተር ጋር ስትጣዪ ታየኝ። ይኼኛው ዝም ብሎ ይመጣልሻል።»

ክፍያው፣ ሃያ ዓመቱ፣ የተስማሙበት ነገር ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን የነበራት ክርክር ሁሉ የእሱን በሕይወት መኖር የሚጠይቅ ሆነባት።

«ልክ ነህ» አለችው።

ቮልፍራም ደነገጠ። በትዳራቸው ዘመን ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶት አያውቅም። እጇን ያዘ።

«እንዲህ አትበይ። ውድ ነው በይኝ። ሞኝ ነህ በይኝ። ተከራከሪኝ እንጂ፣ ኤልፊ።»

«ክፍያው…» ብላ ጀመረች። የቀረውን ብሬዝል ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።