አንድ ሰከንድ ተኩል

ቀጮ የመሮጫ ጫማዋን ክር ለሦስተኛ ጊዜ ፈትታ ስታስር ቀና አለችና በሩ ላይ የቆመችውን ሴት አየች። ክሩ ከእጇ አመለጣት።

"አንቺ ነሽ እንዴ የምታስነሺን?"

"እኔ ነኝ" አለች አስጀማሪዋ፣ የማስጀመሪያ ሽጉጡን ሣጥን እንዳንጠለጠለች። "ምነው እጅሽ ተንቀጠቀጠ? ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደሽም መሰለኝ።"

ቀጮ ፊቷ አመድ መሰለ። የአስጀማሪዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ቃሉ የራሷ የቀጮ ነበራ! የዛሬ ስድስት ዓመት፣ እዚሁ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ ሁለቱም ሯጮች ሳሉ፣ ያሸነፈችው ብሔራዊ ቡድን በምትገባበት ቀን፣ ፈገግ ብላ ያለቻት ይህንኑ ነው። አስጀማሪዋ እስከዚያ ድረስ እጇ መንቀጥቀጡን ልብ አላለችውም ነበር፤ ካየችው በኋላ ግን ማቆም አቃታት። መስመሩ ላይ አጎነበሰች። ሽጉጡ ሳይተኮስ ተነሳች። ቀይ ካርድ፤ ከውድድሩ ተባረረች፣ አለቀ። እያለቀሰች ስትወጣ ደግሞ ቀጮ፣ "አይዞሽ፣ ለፈሪ ሌላ ሥራ አይጠፋም" አለቻት።

እውነትም አልጠፋም። አስጀማሪነት ተማረች።

አሁን ቀጮ ጉልበቷ አርጅቷል፤ ዛሬ ካላለፈች ሩጫ በቃት። ፍርሃቱም በተራው እሷ ላይ ሰፍሮባታል፤ ከውድድር በፊት እንደምታስመልስ የማያውቅ የለም። አስጀማሪዋ ሦስት ውድድሯን ቆጥራ ተመልክታለች። "ተዘጋጁ" ከተባለ በኋላ አንድ ሰከንድ ተኩል ትችላለች፤ ከዚያ ቀኝ ትከሻዋ ወደፊት ይሳባል። ሁለት ሰከንድ ተኩል ቢያቆዩአት ትነሳለች። ማቆየት ደግሞ የአስጀማሪ መብት ነው፤ ማን ይጠይቃታል? ሁለት ሳምንት ሙሉ መኝታ ቤቷ መስታወት ፊት ቆማ፣ በአንድ እጇ የሰዓት መቁጠሪያ ይዛ ተለማምዳዋለች። ያንን ሁሉ ቀን አንዴም አላፈረችም።

"በየቦታችሁ!"

ስምንቱም አጎነበሱ።

"ተዘጋጁ!"

አንድ ሰከንድ። አንድ ተኩል። መስመር አራት ላይ የቀጮ ትከሻ መሳብ ጀመረ። ጉድሽ ፈላ፣ አለች በልቧ። ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ።

ያኔ ከቀጮ ጎን፣ መስመር አምስት ላይ፣ አንድ ክርን ተርገፈገፈ። ለፍጻሜ ስትደርስ የመጀመሪያዋ የሆነች ልጅ ናት፤ ጠዋት "እትዬ፣ ሽንት ቤቱ በየት ነው?" እያለች ሦስት ጊዜ የጠየቀቻት። ክብደቷ ሁሉ ጣቶቿ ላይ ወድቋል። ከቀጮ በፊት የምትነሳው እሷ ነበረች።

"ቁሙ!" አለች አስጀማሪዋ፣ ሽጉጡን ሳትተኩስ ዝቅ አድርጋ።

ሁሉም ቆሙ። ልጅቷ ደረቷን ይዛ በረጅሙ ተነፈሰች። ቀጮ አስጀማሪዋ ላይ አፈጠጠች።

"ሆን ብለሽ ነው!"

"አዎ" አለች አስጀማሪዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ያቆየሁት ላንቺ ነበር። የምትባረረው ግን እሷ ልትሆን ነበር።"

ረዳቷ፣ ጡረታ የወጡት የስፖርት መምህር፣ ፈጠን ብለው መጡ።

"ምን ሆነሻል ልጄ? ያን ያህል ማቆየት ምንድን ነው?"

እጇን አየችው። ሽጉጡ በጣቶቿ መካከል ይንቀጠቀጣል፤ ልክ እንደዚያን ቀን።

"ጋሼ፣ እርስዎ ያስነሷቸው።"

ሽማግሌው የድሮውን ነገር ያውቃሉ። ወደ መስመር አራት አየት አደረጉ።

"ማርሻት ማለት ነው?"

"እኔ? እሷን? በሕይወቴ አላደርገውም! በገዛ እግሯ ትሸነፍ፤ እኔ ቆሜ አያለሁ" አለችና ሽጉጡን አስረከበቻቸው።