ከውጭ የተቆለፈ በር

ዘርጎና የወረዳው ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ጠበቃ ሆና በመጣችበት ቀን፣ የጠበቆች ክፍል ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እህቴ፣ ባለጉዳዮች የሚቀመጡት ውጭ፣ ዛፉ ሥር ነው» አላት። ጥቁር ኮቷን ከቦርሳዋ አውጥታ እዚያው ለበሰችና፣ «አሁንስ ባለጉዳይ እመስላለሁ?» ብላው ገባች። ወንበር የሚለቅላት ጠፋ። ሻይዋን ቆማ ጠጣች፤ በማግሥቱም ቆማ ጠጣች። ቆይቶ ግን ወንድሞቻቸው የወሰዱባቸውን የአባት መሬት ለሴቶች እያስመለሰች ስታሸንፍ፣ መቀመጫ የነፈጓት ሁሉ ከባድ ጉዳይ ሲገጥማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያማክሯት ጀመር።

ፖለቲካ ውስጥ የገባችው ጎልምሳ ነው። ሕጉ ፓርቲዎች ሴት ዕጩዎችን እንዲያቀርቡ ስለሚያስገድድ፣ የፓርቲዋ ሰዎች አሸንፈው በማያውቁበት ተራራማ አገር፣ በትውልድ መንደሯ በሽና ዳራ አቀረቧት።

«የተከበረ ቦታ ነው የሰጠንሽ» አሏት፣ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ፔሻዋር ላይ።

«መቃብርም የተከበረ ቦታ ነው» አለች። «ቢሆንም እወስደዋለሁ።»

ሴት ወደ ወንዶች የእንግዳ ቤት ገብታ መናገሯ ነውር ስለሆነ፣ በየጓሮውና በየምድጃው ዳር ሴቶቹን ድምፅ እየጠየቀች ዞረች። ባኽታውራ የምትባል ምላሰኛ መበለት፣ «እኔማ ድምፅ አለኝ» አለቻት፤ «በሬዬ ሲጠፋ ተራራው ማዶ ይሰማል። ወረቀት ላይ ግን እንዴት ነው የሚጮኸው?» ሴቶቹ ተንከተከቱ። አንዳቸውም መርጠው አያውቁም ነበር።

በምርጫው ዋዜማ የዘርጎና አጎት፣ የመንደሩ አለቃ ማሊክ ታውስ፣ ወንዶቹን እንግዳ ቤቱ ሰበሰበ። የየፓርቲው ሰው፣ የእሷም ፓርቲ ሳይቀር፣ ሴት ወጥታ እንዳትመርጥ እጁን አንስቶ ተስማማ፤ ጸሎትም ተደረገበት። ዘርጎና ይህን እንደሰማች ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ እንግዳ ቤቱ ገባች። የጋያው ጉርጉርታ ቀጥ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?» አላት አጎቷ።

«ገና ነኝ አጎቴ። አንድ ነገር ጠይቄ እወጣለሁ። ጎርፉ የመጣ ጊዜ አሸዋ በጆንያ ተሸክመው ይህን ቤት ያዳኑት እነማን ናቸው?»

መልሱን ራሷ ሰጠች።

«ሚስቶቻችሁ ናቸው፤ አገር እያያቸው። ያን ለት ክብራችሁ የት ሄዶ ነበር?»

ማሊክ ታውስ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ነገ የወጣች ሴት ተመልሳ እዚህ መንደር አትገባም!»

«እንግዲያው የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። የሚከለክለኝን አያለሁ።»

በማግሥቱ የሴቶች ምርጫ ጣቢያ ባዶውን ዋለ። ዘርጎና ከአሮጊት እናቷ ጋር መረጠችና ደጁ ላይ ተቀመጠች። ከመንገዱ ማዶ ወንዶች፣ «ጠበቃዋ! ሕዝብሽን እንቅልፍ ጣለው እንዴ?» እያሉ ተሳለቁባት። ጣቢያው እስኪዘጋ አልተነቃነቀችም። ተቀናቃኟ ሸርዳድ አሸነፈ ተብሎ ለደስታ ጥይት ሲተኮስ፣ ቤቷ ገብታ በእልህ አለቀሰች። እናቷ፣ «አልቅሺና ጨርሺ፤ ነገ ሥራ አለብሽ» አለቻት።

የመረጡት ሴቶች እጅግ ጥቂት ከሆኑ ምርጫው ሊሰረዝ እንደሚችል ሕጉ ይላል። ዘርጎና ይህን ይዛ፣ የመንደሩን ሴቶች አስከትላ፣ የምርጫ አቤቱታ ሰሚዎቹ ፊት ቆመች። የሸርዳድ ጠበቃ ፈገግ ብሎ፣ «ክቡራን፣ ያገሩ ሴቶች ጨዋ ናቸው፤ በገዛ ፈቃዳቸው ቤታቸው ዋሉ። አንዲትስ ያማረረች አለች?» አለ።

«አለች!» አለች ባኽታውራ ከኋላ ተነሥታ። «የባሌ ወንድም በሩን ከውጭ ቆልፎብኝ ነው የሄደው። በፈቃዴ ከዋልኩ ቁልፉ ምን ሊሠራ ነው?»

«ምስክር አለሽ?» አላት ጠበቃው።

ባኽታውራ ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። «ተነሡ እንጂ!» ሴቶቹ መጀመሪያ ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ ተነሣች፣ ሌላዋም ተከተለች።

ምርጫው ተሰረዘ። በድጋሚው ምርጫ ማሊክ ታውስ ዱላውን ይዞ፣ ወንዶቹን አስከትሎ መንገድ መሀል ቆመ። ሴቶቹ ተከናንበው፣ ተያይዘው መጡ። ዘርጎና ከፊት ነበረች።

«አጎቴ፣ ከፈለግህ ምታኝ። ፍርድ ቤት እንገናኛለን።»

ከኋላዋ አንዲት ሴት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዞር በል! ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት!» አለች።

ማሊክ ታውስ የሚስቱን ድምፅ ለየ። ወንዶቹ ሳቃቸውን አፈኑ። ዱላውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረና፣ ሸለቆው ውስጥ የሚያየው ነገር ያለ ይመስል ወደ ጠርዙ ፈቀቅ አለ።

ዘርጎና አሁንም ተሸነፈች፤ በጥቂት ድምፅ። ባኽታውራ አንገቷን ደፍታ መጣች።

«አንቺን አልመረጥሁም፣ ልጄ። ሸርዳድ ሚስቱን ደጄ ድረስ ልኮ ለመንደሩ ውሃ አስገባለሁ አለኝ። እንስራ ተሸክሜ ይህን ዳገት ስወጣ ስወርድ ጉልበቴ አልቋል። ተቀየምሽኝ?»

ተቀይማታለች። ግን ሴትን ሰው ብሎ የማያውቀው ሸርዳድ ሚስቱን ደጅ ለደጅ ልኮ ሴቶችን ሲለማመጥ ታሰባትና ሳቋ አመለጣት።

«ውሃውን ባያስገባስ?»

«ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ? ትከሺዋለሻ!»

ሸርዳድ ውሃውን አላስገባም። በጋው ሲገባ ዘርጎና የመንደሩን ሴቶች ወክላ ክስ መሠረተችበት። ለሚቀጥለው ምርጫ እንደምትወዳደርም ለፓርቲዋ አሳወቀች።

«አሁን እንኳ ቀለል ያለ ቦታ እንስጥሽ» አሏት።

«አይሆንም» አለች። «ሽና ዳራ ያላለቀ ክርክር አለኝ።»