ለአንድ ቤት አንድ እጅ

ኤልፍነሽ ስብሰባ ትፈራለች። ሰው ውሻ ይፈራል፣ ጨለማ ይፈራል፤ እሷ ግን ወንበር ተደርድሮ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ካየች መውጫውን በር ትፈልጋለች። አይፈረድባትም። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ስብሰባ ሁሉም እጁን ሲያወጣ ባሏ ሽፈራው ብቻ ሳያወጣ ቀረ። በማግስቱ መጥተው ወሰዱት። እስር ቤት ክንዶቹን የፊጥኝ አስረው ሰቀሉት፤ ሲፈታም ሁለቱም ከደረቱ በላይ አልነሳ ብለው ቀሩ።

ቶሮንቶ ከመጡ ወዲህ ይህን የሚያውቅ የለም። ሴንት ጄምስ ታውን ባለው አፓርታማቸው ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን የምታለብሰው፣ ፀጉሩን የምታበጥርለት እሷ ናት። ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል። በእድሩ ስብሰባ እጁን ስለማያወጣ «ሽፈራው ብልጥ ነው፣ ከማንም መጣላት አይፈልግም» ይሉታል። ከሚያዝኑልኝ ቢያሙኝ ይሻለኛል ባይ ነው።

የእድሩ ደንብ ለአንድ ቤት አንድ እጅ ነው፤ እጁም የአባወራው። ሴቶቹ ወጥ ይሠራሉ፣ ያስተዛዝናሉ፣ ድስት ያጥባሉ፤ ድምፅ የላቸውም። የአንዷ፣ የጠጂቱ ባል በበረዶው ወራት እስኪሞት ድረስ ማንም ነገሬ አላለውም ነበር። አባሉ እሱ ነበርና ሲቀበር እሷና ልጆቿ ከእድሩ ወጡ። ሴቶቹ ያን ጊዜ ነቁ። ስልክ ተደዋውለው «ሴትም አባል ትሁን፣ ድምፅም ትስጥ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የሚወስኑት ግን ያው ወንዶቹ ናቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ብሉር ጎዳና ላይ በተከራዩት አዳራሽ፣ ሊቀመንበሩ አቶ ወልደ ሚካኤል ተነሱና፣ ሐሳቡን ባይወዱትም፣ የሚደግፍ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። ኤልፍነሽን ሆቴል ያስቀጠሯት እሳቸው ናቸው፤ ግማሹን ሰውም እንዲሁ። ስለዚህ ዓይናቸው ሲዞር አንዳንዱ የወጣ እጅ ተመልሶ ወረደ።

«የሚደግፈውና የሚቃወመው እኩል ነው» አሉ ቆጥረው ሲጨርሱ። «እኩል ከሆነ ደንቡ ባለበት ይጸናል። ሌላ የሚደግፍ አለ?»

ሽፈራው አጠገቡ ወደተቀመጠችው ኤልፍነሽ ጆሮ ጠጋ አለ። «አንሺልኝ።»

«ምኑን?»

«እጄን። አንቺ አንሺልኝ።»

ወደ ሊቀመንበሩ አየች። ሥራዬን ባጣስ? እነዚህ ሁሉ ቢስቁብኝስ? አቶ ወልደ ሚካኤል የቀበሌው ካድሬ እንዳልሆኑ ታውቃለች፤ እጇ ግን አያውቅም። ከጭኗ ላይ አልላቀቅ አላት። ዞር ስትል ጠጂቱ በሩ ሥር ቆማለች፤ ወንበር እንኳ የሰጣት የለም። ኤልፍነሽ «ድንግል ማርያም» አለችና እጇን አወጣች።

«ወይዘሮ ኤልፍነሽ፣ ቀልድ ነው እንዴ?» አሉ ሊቀመንበሩ። «ያውርዱ። ይሄ የወንዶች ቮት ነው።»

እጇን እንዳወጣች ቀረች። ማውረዱንም ፈርታለች።

ሽፈራው ተነሳ። «እጁ የኔ ነው። የኔዎቹ እስር ቤት ነው የቀሩት» አለና ክንዶቹን ሊያነሳ ሞከረ። ደረቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ፊቱ በሥቃይ ተጨማደደ። «አያችሁ? ፀጉሬን የሚያበጥርልኝ የሷ እጅ ነው። ደንቡ ለአንድ ቤት አንድ እጅ ይላል። ካልቆጠራችሁት እኔንም ሜምበር አትበሉኝ።»

ሲያሙት የኖሩት ሰዎች የሚያዩበት ጠፋቸው። አቶ ወልደ ሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ይቆጠር» አሉ።

ሐሳቡ በአንድ እጅ አለፈ። ጠጂቱ እልል ልትል ጀምራ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ቀጥሎ የሊቀመንበር ምርጫ ነበር። «ወልደ ሚካኤል ይቀጥል የምትሉ» አሉ ራሳቸው፣ ድምፃቸው ሻክሮ። «አሁን እንግዲህ ሴቶችም።»

«አንሺልኝ» አለ ሽፈራው በሹክሹክታ። «ሰውየው ክፉ አይደለም።»

ኤልፍነሽ ወደ ባሏ ዞረች። «እኔ አልደግፋቸውም።»

«እኔ እደግፋለሁ።»

ተያዩ። ግራ እጇን ለባሏ ከፍ አድርጋ አወጣች። አቶ ወልደ ሚካኤል ግን ጭኗ ላይ የቀረውን ቀኝ እጇን፣ የራሷን ድምፅ፣ ያዩ ነበር። አላነሳችውም።