የእማማ አስናቀች አልጋ

ራሱ የሠራው የመቅረጫ ማሽን ስለት ወደ ሳንቃው ሲወርድ እዮብ ትንፋሹን ዋጠ። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ቀጭን የእንጨት ብናኝ ወደ ጎን በተነ፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። የሚቀረጸው የወይን ሐረግ የመጀመሪያ ቅጠል ብቅ አለ። ይህን ለማየት ከሞጣ የመጣው የቤት ዕቃ ነጋዴው አብዱሰመድ ጎንበስ ብሎ ሲመለከት ቆየና ጣቱን ሰደድ አደረገ። እዮብ ፈጠን ብሎ ያዘው።

«እንዳይነኩት ጋሽ አብዱሰመድ! ትንሽ ከተነቃነቀ የነበረበት ይጠፋዋል።»

«ከጠፋውስ?»

«ሳንቃው ተበላሸ ማለት ነው። ሌላ አልተረፈኝም።»

ማሽኑ ለዓይን የሚሞላ አልነበረም። ሞተሮቹ ከሞቱ የፎቶ ኮፒ ማሽኖች ሆድ የወጡ ናቸው፤ የሚንሸራተትበት ሃዲድ የመሳቢያ ሃዲድ ነው፤ የሚያዘው ደግሞ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ነው። የቢቸና ጥገና ቤቶች እዮብን ከሩቅ ሲያዩት «ደግሞ መጣ» ይባባሉ ነበር። ሲ ኤን ሲ የሚሉትን፣ ከውጭ የሚገባውን በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሰብ ዘበት ነው፤ ለአካሉ የሚሆነው አሉሚኒየም እንኳ ዋጋው አልቀመስ ብሎታል። በባሕር ዛፍ ሞከረው፤ ክረምቱ ሲገባ ተጣሞ የሚቀረጸውን ሁሉ አጣመመበት። የሚፈልገው ለብዙ ዓመት የደረቀ፣ ዝናብም ፀሐይም የማያሳስበው እንጨት ነበር። እንዲህ ያለ እንጨት በቤታቸው ውስጥ አንድ ብቻ ነበረ፤ እሱም እናቱ አስናቀች የምትተኛበት የዋንዛ ጠፍር አልጋ ነው።

አልጋው የእናቱ ይባል እንጂ የመንደሩ ነበር። ከቢቸና ቁልቁል በሚገኘው መንደራቸው ሰው ሲታመም ወይም ሴት ምጥ ሲጠናባት፣ ሰዉ በቅድሚያ የሚሮጠው ወደ አስናቀች ቤት ነው። አልጋው ከሁለት አጣና ጋር ይታሰርና በጎረቤት ትከሻ ዳገቱን ይወጣል። መንገድ ላይ የተገናኘ ሁሉ፣ ወዳጅም ይሁን ባለጋራ፣ ተራውን ሳይሸከም አያልፍም። በዚያ አልጋ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረ የለም ይባላል። ያጣራ ሰው አልነበረም፤ የሚያጣራበት ምክንያትም አልነበረም። የጨነቃት ሴት «የእማማ አስናቀችን አምጡልኝ» ትላለች፤ ይመጣላታል፤ ልቧ ይረጋል።

ኋላ አምቡላንስ እስከ ዳገቱ አፋፍ መምጣት ጀመረና አልጋውን የሚዋስ ጠፋ። እናቱ ስታረጅ ከእሱ ጋር ልትኖር ወደ ከተማ ወጣች፤ አልጋዋም አብሯት ወጣ። አልጋውን ለማሽኑ ሲለምናት፣

«ሰው ቢመጣስ?» አለችው።

«እማዬ ሙች፣ አምቡላንስ ባለበት አገር ማን አልጋ ሊዋስ ይመጣል?»

መልስ አልሰጠችውም። ጠፍሩን ግን በገዛ እጇ ፈታች፤ ጠቅልላ ከግድግዳው ላይ ሰቀለችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትተኛው መሬት በተነጠፈ ስፖንጅ ላይ ነው። እዮብ ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠረው። እንደዚያ መቁጠሩ ስለሚጠቅመው ነበር፤ ይህንም ያውቀው ነበር። አምቡላንሱ ከዚያ በኋላ ነው የቆመው፤ ነዳጅ የለም ተባለ፣ መንገዱ አይታመንም ተባለ። ሲሰማ ደንገጥ ብሎ ሌላ አልጋ እሠራለሁ ብሎ አሰበ። ማሽኑ ሥራ ይጀምር እንጂ፣ አንድ አልጋ ምን አላት ብሎ አሳደረው።

ዛሬ መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም። የፍልሰታ ጾም ስለሆነ እናቱ ቅዳሴ ላይ ናት። አብዱሰመድ አሁን የሚቀረጸው የአልጋ ራስጌ ከማረከው የሱቁን ራስጌዎች ሁሉ እዮብ እንዲቀርጽ ሊሰጠው ተስማምቷል፤ ካልማረከው በመጨረሻው መኪና ሞጣ ይገባል፣ አይመለስም። ሐረጉ ከግማሽ በላይ ሲደርስ ለአብዱሰመድ ስልክ ተደወለለትና ሊያወራ ወደ ደጅ ወጣ። ሁለት ሰዎች ወደ ውስጥ የገቡት ያን ጊዜ ነው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነዋል። አንደኛው የመንደሩ ልጅ ቢያድግልኝ ነበር።

«እንዴት ዋልክ እዮብ? እማማ አስናቀችስ?»

«ቤተ ክርስቲያን ናት። ምነው፣ ደኅና?»

«ወይንእሸት ምጥ ይዟት ይኸው ሌሊቱን ሙሉ አልፈታት አለ። ባጃጅ አፋፉ ላይ አቁመናል፤ እስከዚያ የምናወጣበት ነው የቸገረን። በሌላ አልነሳም አለች። አልጋውን ስጠን።»

ወይንእሸት የቢያድግልኝ ሚስት ናት። እዮብ ሠርጋቸው ላይ ሚዜ ነበር። አልጋው ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል ለማለት አፉን ከፈተ፤ ግን የቢያድግልኝ ዓይን ቀድሞ ማሽኑ ላይ አርፏል። በሁለቱ ረጃጅም እንጨቶች ጎን ጠፍሩ ያልፍባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ እዮብ አልደፈናቸውም ነበር። ቢያድግልኝ ቀረብ ብሎ ጣቱን አንደኛው ቀዳዳ ላይ አሳረፈ። እዮብ አትንካ ለማለት አፈረ።

«ይሄ አይደል እንዴ?»

«እሱ ነው።»

ስለቱ ሌላ ቅጠል ጀመረ። እዮብ ሳንቃውን አየ፣ በሩን አየ፣ ደጅ ከሚያወራው ሰው ድምፅ በቀር ምንም አልሰማ አለው። አሁን ቢያቆመው ሳንቃው ገደል ገባ፤ አብዱሰመድም ሄደ፤ ስንት ክረምት የተለፋበት ነገር ለዘላለም የሰፈር መሳቂያ ሆኖ መቅረቱ ነው። ደግሞስ ምጥ ነው፤ ሁሉም ሴት ታምጣለች። ይህን ማሰቡን ራሱ ጠላው፤ ግን አሰበው።

«ሥራ ላይ ነው» አለ። «ቢፈታም ብዙ ይቆያል። መሰላሌን ውሰዱ። ፍራሽ ጣል አድርጉበት፤ ይችላታል።»

«መሰላል» አለ ቢያድግልኝ። ጥያቄም ቁጣም አልነበረበትም። ከግድግዳው አንስተው ሲወጡ፣ ዕቃ የተዋሰ ሰው እንደሚለው፣ «እግዜር ይስጥልን» አለ።

አብዱሰመድ ተመልሶ ገባ፤ ሰዎቹ ጣራ የሚያድሱ መስሎት ነበርና አልጠየቀም። ስለቱ የመጨረሻዋን ወይን ዘለላ ዞሮ ቆመ። እዮብ ብናኙን በብሩሽ ጠረገው። ራስጌው አንድ ግድፈት አልነበረበትም። አብዱሰመድ መዳፉን አሳለፈበት፤ ሳቀ፤ እዮብን ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ማሻአላህ! በቃ፣ ሥራው የአንተ ነው። ምነው፣ ደስ አላለህም?»

እዮብ ነገረው። ከጠፍሩ ጀምሮ እስከ መሰላሉ ድረስ፣ ራሱን ሳያድን ነገረው። አብዱሰመድ እጁን ከራስጌው ላይ አነሣ።

«እኔ እኮ ደጅ ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «ብትጠራኝ ምን ነበረበት? እንጨት እንደሆነ ሌላ አመጣልህ ነበር። ነገ ይደርስ ነበር፣ የዛሬ ሳምንት ይደርስ ነበር። አሁን ሳታማክረኝ በጥፋቱ እኔንም ጨመርከኝ።»

እዮብ ቁልፉን አንሥቶ የመጀመሪያውን ብሎን ያዘ። ይታገለኛል ብሎ ነበር፤ በአንድ ዙር ላላ። ሁለተኛውም እንደዚሁ። ዋንዛው ከተቦረቦረበት ወጥቶ እጁ ላይ ቀረ፤ ሻይ ተቀድቶ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀም። አንደኛው እንጨት በእጁ እንዳለ ቆመ። ገመድ ቢወጠርበት ይበቃ ነበር። ያኔ ለቢያድግልኝ «ብዙ ይቆያል» ያለው ሳይሞክረው ነው። እንጨቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ባዶ እጁን ሮጠ።

ዳገቱ ወገብ ላይ ተገናኛቸው። ጭቃው ያንሸራትታል፤ መሰላሉ እርጥብ ባሕር ዛፍ ስለሆነ በየእርምጃው መሐሉ ይለመጣል። በፍራሹ ላይ ወይንእሸት ጋቢ ለብሳ፣ ፊቷ ተሸፍኖ ተኝታለች። ከፊት የነበረው ሰውዬ መንገደኛ እንዳገኘ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ቦታውን ለቀቀለት፤ እዮብ ትከሻውን አስገባ። መሰላሉ በተለመጠ ቁጥር ክብደቱ አጥንቱ ላይ ወጣ ገባ ይላል፤ በተለመጠ ቁጥር እሷም ታቃስታለች።

«ቢያድግልኝ» አለች ከጋቢው ሥር።

«አለሁ።»

«ይሄ የእማማ አስናቀች አልጋ ነው?»

ቢያድግልኝ ከኋላ ነበር። ሳያመነታ መለሰ። «እሱ ነው። ልጃቸው ራሱ ይኸውልሽ፣ ከፊት ይዞሻል።»

«እዮብ?»

«አለሁ፣ ወይንእሸት።»

«ጎኔን ቆረቆረኝ። ጠፍሩ ደርቆ ነው?»

እዮብ ፊቱን አላዞረም፤ ቢያዞር የቢያድግልኝን ዓይን ያገኛል። እናቱ ለሕመምተኛ በምትናገርበት ድምፅ መለሰላት።

«አዎ፣ ደርቆ ነው። ስትመለሺ አርጥቤ እወጥረዋለሁ።»

«እሺ» አለች፤ ትንፋሿም ረጋ አለ። አፋፉ ገና ሩቅ ነበር።